ጉድጓዱን ደፍነው ላጋለጡኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የመንገድ ጥገና ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ያለአግባብ ስለ ጠፋው ስምዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለወገብዎ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የበረዶውን ወራት በደህና አልፈው፣ ከቢሮዎ እስከ ቤትዎ ያለውን አስፋልት እንደ ወትሮው ለስላሳ ሆኖ እንዳገኙት ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ አለልኝ ነኝ፤ በሕንፃችን መውጫ ላይ ስለነበረው ጉድጓድ ደጋግሜ የጻፍኩልዎና ለእያንዳንዱ ደብዳቤዬ «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል መልስ ከኮምፒውተርዎ የተቀበልኩት ነዋሪ። በዚህ በሰው አገር እንደ ኮምፒውተርዎ ያለ ታማኝ ወዳጅ አላገኘሁም፤ እሁድ እንኳ ሳይታክት ይመልስልኛል። እሱን ከልብ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ ጉድጓዱ። በረዶው ሲቀልጥ የተከፈተው ጉድጓድ በየሳምንቱ እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ጥንድ ዳክዬ ሰፈረበት። መሥሪያ ቤትዎ ለእንስሳት ያለውን ርኅራኄ አደንቃለሁ።

፪ኛ፣ መኪናዬ። ዕድሜዋ ሃያን ያለፈ ባለ ቱርቦ ሱባሩ አለችኝ። የእግሯን ብረቶች ከአካሏ ጋር የሚያያይዙትና ንዝረቱን ውጠው የሚያስቀሩት ጎሚኒዎች፣ እዚህ ቡሺንግ የምንላቸው፣ ተሰነጣጥቀው አልቀው ነበርና በክሪክ አንስቼ ራሴ ቀየርኳቸው። ነገር ግን ፋብሪካው የሚያስገባውን ለስላሳ ጎማ ትቼ ለእሽቅድምድም የሚሠራውን ድርቅ ያለ ፕላስቲክ አስገባሁበት። ምክንያቱን ቢጠይቁኝ፣ ወደ ኤደን ፕሬሪ ከተማ ሥራ ስሄድ የሃይዌዩን መውጫ ኩርባ ፍጥነት ሳልቀንስ መጠምዘዝ ደስ ስለሚለኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ፈልጌም አጥቻለሁ።

እዚህ ላይ ጎረቤቴን ጋሽ እሸቴን ላስተዋውቅዎ። ከልጃቸው ከሮዳስ ጋር ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ፤ ወገባቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ገና ዓመት አልሞላቸውም። ኩን ራፒድስ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ጋሽ ቃልቤሳ የሚባሉ የስደት ዘመን ጓደኛቸው አልጋ ላይ ናቸው። ሮዳስ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ አባቷን ወደዚያ የማድረሱን ነገር እኔ ነኝ ያለ ማንም ጠያቂ የወሰድኩት። መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ጋሽ እሸቴ የበሩን እጀታ ጨብጠው ያቃስታሉ፤ እኔ እርስዎን እረግማለሁ፤ እሳቸውም «አይ ልጄ፣ የእነሱ መንገድ ነው እንጂ መኪናህስ ደህና ናት» ይሉኛል። እርስዎን በማማት መንገዱ ያጥርልን ነበር።

፫ኛ፣ ከሁሉም የከፋው በደልዎ፣ ጉድጓዱን መድፈንዎ ነው። አንድ ማክሰኞ ሠራተኞችዎ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መጥተው አስፋልቱን ጠረጴዛ አስመስለውት ሄዱ። ቅዳሜ ጋሽ እሸቴን ይዤ ሳልፍበት ያው መናጋት፣ ያው ማቃሰት። ልረግምዎ አፌን ከከፈትኩ በኋላ መንገዱን አየሁት። ጋሽ እሸቴም አዩት። እስከ ኩን ራፒድስ ድረስ ሁለታችንም ስለ አየሩ ብቻ ተጫወትን።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጉንፋን ይዟቸዋል ተባለ፤ ከዚያ እንግዳ መጣባቸው፤ ከዚያ «ቃልቤሳ በስልክም ቢሆን ደስ ይለዋል» አሉኝ። እኔም አመንኩ፤ ማመኑ ይቀለኝ ነበርና። በመጨረሻ ሮዳስን ልብስ ማጠቢያው ክፍል አገኘኋትና «አባዬ ባንተ መኪና ራይድ ካደረገ በኋላ ሁለት ቀን ከአልጋ አይነሳም፤ እንዳልነገርኩህ ሁን፣ ፕሊስ፣ ይሉኝታ ይገለዋል» አለችኝ። ጋሽ ቃልቤሳ ደግሞ እየደወሉ «እሸቴን ምን ብዬ ነው ያስቀየምኩት?» እያሉ ይጠይቋታል። ክቡር ሆይ፣ በጣም አፈርኩ። አንዲት ኩርባ እንድትጣፍጠኝ ብዬ ሁለት ሽማግሌዎችን ለያየሁ።

ዓርብ ዕረፍቴ ስለነበር ያን የዕብሪት ፕላስቲክ አንድ በአንድ አውጥቼ ለስላሳውን ጎማ መለስኩ። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ስተኛ ወገቤ ተቆረጠ፤ ይገባኛል አልኩ። ቅዳሜ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁና «አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ ማለት አይችሉበትምና ገቡ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር፤ የበሩን እጀታ አልያዘም።

አሁን ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ወደምጽፍበት ጉዳይ ደረስኩ። ጋሽ ቃልቤሳ ጓደኛቸውን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ይኼን ሁሉ ሳምንት ምነው ጠፋህ?» ሲሏቸው ጋሽ እሸቴ ወደ እኔ ሳያዩ «መንገዱ ተበላሽቶ ነው ወንድሜ፣ እነዚህ ሰዎች አይሠሩትም» ብለው መለሱ። ጋሽ ቃልቤሳም ታረቋቸውና አብረው በእርስዎ ላይ ያማርሩ ጀመር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ለማለት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አላልኩም።

ስለዚህ በሕይወትዎ አንድ ጊዜ በማያውቁት ጥፋት ተወቅሰዋልና ይቅርታዎን እለምናለሁ። ስለሚያውቋቸው ጥፋቶችዎ ግን ይቅርታ እንደማልጠይቅ በትሕትና እገልጻለሁ።

በእርስዎ ስም ሲከለል የከረመው ታዛዥ ነዋሪዎ፣
አለልኝ

ግልባጭ፦
ለጋሽ ቃልቤሳ፣ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ራሴ የማነብላቸው

ተጨማሪ፦ ይህን ልልክልዎ ስል አስፋልቱ ተነቅሎ ጉድጓዱ እንደገና ተከፈተ። ዳክዬዎቹም ተመልሰዋል። ጎሚኒዎቼ አዲስ ናቸውና ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ እሸቴ ቢያቃስቱ የእርስዎ ነው፤ የምከፍልዎ ዕዳም የለኝም።