የብፅአት ኩላሊት

ጥቅምት 12 ቀን 1999፣ ገዳሪፍ

ከፋሽጋ እርሻ ገባሁ። ሰሊጡ አለቀ፤ ትራክተሩን አስረክቤ መጣሁ። ብፅአት በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ ሞላ ብሏል። «ሚስቴን ኑሮ ተስማማት» ብዬ ሳቅሁ። ልጃችን ሳምሪ ናት ያጋለጠቻት። «እማዬን ጫማ እምቢ አላት።» ቀሚሷን ገለጥ ባደርግ እግሯ አብጧል። በጣቴ ጫን ሳደርገው ጎድጉዶ ቀረ።

«ለምን አላክሽብኝም?»

«ሥራ ላይ ነህ ብዬ...»

ሥራ!

ጥቅምት 15

ሐኪም ቤት ዋልን። ሽንቷ ውስጥ ብዙ ፕሮቲን ተገኘ። አልትራሳውንድም ተነሳች። ዶክተር ሁዜይፋ ምስሉን አሳዩን። «ኩላሊቶቿ አልተጨማደዱም፤ ይሄ ደግ ነው። ግን ምስሉ ላይ ከሚገባው በላይ ነጣ ብለዋል። ምስሉ መታመማቸውን ይነግረኛል፤ ምን እንደያዛቸው ግን አይነግረኝም።» ካርቱም ሄዳ ከኩላሊቷ በመርፌ ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና ይመርመር አሉ።



ጥቅምት 17

እምቢ አለች። «ነጥቷል አሉ እኮ። ያለቀለት ነገር ምን ሊፈለግበት ይወጋል?»

ከሰዓት ሳምሪን ፊቷ አስቀምጣ ጠራችኝ።

«ና፣ ሹሩባ ተማር።»

«እኔ? ለምን?»

ማበጠሪያውን እጄ ላይ አስቀመጠች። ገባኝ...

ሞከርኩ። ሳምሪ «አባዬ አመመኝ!» ትላለች፤ ብፅአት ትስቃለች። ወጥቼ አጥሩ ጥግ አለቀስኩ።

ጥቅምት 18

«አንዱን ኩላሊቴን እሰጥሻለሁ» አልኳት።

«አንተ ልትቀደድልኝ... እኔ መርፌ ልፍራ?»

እንሄዳለን።

ጥቅምት 26፣ ካርቱም

በሆዷ አስተኟት። መርፌውን የሚመሩት በአልትራሳውንድ እያዩ ነው። ሐኪሟ «ትንፋሽሽን ያዢ» ሲሏት በር ላይ ቆሜ እኔም ያዝኩ። አሁን በጀርባዋ ተኝታለች፤ እስከ ነገ መነሳት የለም። ሽንቷ ውስጥ ደም አልታየም። እጄን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። በግራ እጄ ነው የምጽፈው...

ኅዳር 4

ውጤቱ መጣ! ሐኪሟ ምስሉንና የቁራጩን ውጤት ጎን ለጎን ይዘው አስረዱን። «ምስሉ አስፈርቶን ነበር። ቁራጩን በማጉያ ስናየው ግን ጠባሳ የለውም። በሽታው መድኃኒት የሚሰማ ዓይነት ነው።»

«ትድናለች?»

«ብዙዎቹ ይድናሉ። ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉን እንዳታቋርጡ።»

ኮሪደሩ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የምታለቅስ መስሎኝ ትከሻዋን ያዝኩ።

«ራበኝ» አለች።

ጥር 9፣ ገዳሪፍ

ፕሮቲኑ ከሽንቷ ጠፋ። እብጠቱም የለም። ካርቱም የታዘዘላትን ኪኒን ቀስ በቀስ ይቀንሱላታል።

ማታ ግን ተጣላን። ለክረምት እርሻ አልሄድም፣ እዚሁ ጋራዥ እገባለሁ ብዬ መወሰኔን ነገርኳት።

«ማንን አማክረህ?»

«አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ...»

«ክንፈ! ስታመም የምትለው ሁሉ እሺ ነበር። አሁን ድኛለሁ፤ አማክረኝ! ሳምሪ በክረምት ትምህርት ቤት የለባትም። እንዲያውም ሦስታችንም እንሄዳለን!»

ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ስለሚመጣው ክረምት ነው እኮ የምትጮህብኝ... ስለሚመጣው ክረምት! ሳቄ አመለጠኝ። «ምን ያስቅሃል?» አለችና ባሰባት።