ወባዋ መድኃኒቱን ለመደች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ደረበ፤ የዳባት ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ከገንዳ ውሃ ከተማ በታች ሰሊጥ እያጨድን ነው፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ልጅዎ እየሩስ ወርዳ ስላገዘችን ሥራው ቀሎልን ነበር። ሰሞኑን ተመራማሪዎች መጥተው ጣታችንን እየወጉ ደም ወሰዱ። «ወባዋ መድኃኒቱን ለምዳዋለች፤ የአገሪቱ የመድኃኒት መመሪያ ይከለስ ብለን ለመንግሥት ጽፈናል» አሉን። መልሱ እስኪመጣ የምንውጠው ያንኑ ነው። እየሩስ የኪኒኑን ሦስተኛ ዙር አንዲት ፍሬ ሳታስተርፍ ጨርሳለች። ወባዋስ መድኃኒቱን ለመደች፤ እየሩስ ግን ቆላውን ገና አልለመደችውም።

ፀሐዩ እሳት ነው፤ እሷ ግን «የእናቴን ጋቢ አምጡልኝ» ትላለች።

እንደ ሰሊጥ ፍሬ የበዛ ሰላምታዬ ለቤተሰቡ ሁሉ ይድረስ። ጋቢውን በሰው አይላኩት፤ ራስዎ ይዘውት ይምጡ።

ታናሽዎ ጀምበሩ