ያንድ እግር ጫማዬ

ለባሌ እህት፣

የማሙሽ ወተት ፍሪጅ ውስጥ አለ። ለብ አድርገሽ ስጪው፤ ለብ ማለት መፍላት አይደለም። ሽንት ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ ቀይሪለት፣ ቂጡ ተልጧል።

ባለፈው ሳምንት ጫማዬን የት ጣልሽው ብዬ የጮህኩብሽ... አንቺ አልነበርሽም። ይኸው አልኩ። ከዚህ በላይ አትጠብቂ።

ሚጣ ናት። ዛሬ ጠዋት የጫማዬን አንዱን እግር በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋዋ ስር ስትከት እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። ለምን ብላት ምን አለችኝ መሰለሽ?

"አክስቴ፣ ካለቀስሽ እናትሽ በዛው ትቀራለች አለችኝ። ባንድ ጫማ ግን አትሄጂም አይደል?"

አራት ዓመት እንኳን ያልሞላት ልጅ! አንቺ ስልክሽን በሰላም እንድትጎረጉሪ! እኔም አበዛሁት፣ አስረፈድሽኝ እያልኩ ስንት ጠዋት ስቆጣት ከረምኩ። እሱን ከሷ ጋር እንጨርሰዋለን፤ አንቺን አያገባሽም።

አሁን እቅፌ ውስጥ ስታለቅስ መልሶ እንቅልፍ ወስዷታል። ስትነሳ "እናትሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች፣ ብታለቅሺም ባታለቅሺም ትመጣለች" በያት። በዚያው አፍሽ።

ጫማውን ከደበቀችበት እንዳታወጪው። ስታየው ልቧ ይረፍ።

እኔ ያንቺን ጫማ አድርጌ ወጥቻለሁ። ይጠበኛል፣ ግን ችዬዋለሁ። ሌላ እንደሌለሽም አውቃለሁ።

እስቲ ዛሬ አንቺም በር በሩን እያየሽ ጠብቂኝ።