የአባባ ጉሮሮ

ጎንደር፣ የካቲት 4 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። አባባም በሕይወት አሉ፤ ከዚያ በላይ ግን አትጠይቀኝ።

እምዬ በማጅራት ገትር እንደተኛች የአባባን ጉሮሮ በጥጥ ጠርገህ ወደ ላቦራቶሪያችን ወሰድክ። በማይክሮስኮፕ ጥንድ ባቄላ የመሰለ ነገር አየሁ ብለህ፣ የቀረውን ምርመራ ሳትጨርስ፣ ያስያዟት እሳቸው ናቸው ብለህ ፈረምክ። በቀበሌው ስብሰባ «ለወለደኝ አባቴም አላዳላም» አልክ፤ ተጨበጨበልህ። እሳቸው በሽታ እንዳያዛምቱ ተብሎ መጋዘን ሲቆለፍባቸው አንተ ለሥልጠና አዲስ አበባ ገባህ። የስንቱን ሰው ፍትሐት ያደረሱ መሪጌታ የገዛ ሚስታቸውን አልቀበሩም። ምነው ወንድሜ? ምን በደሉህ?

ባቄላ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። የማጅራት ገትሩ ቅንጡ ነው፤ ተራ የጀርም ማብቀያ ምግብ ላይ፣ ከማሞቂያው ውጪ አይበቅልም። ከአባባ ጉሮሮ ዘርተህ ጥለኸው ከሄድከው ሳህን ቆንጥሬ ደም ያልገባበት ምግብ ላይ ዘራሁና መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ቀን እንደ ጎመን ዘር ግጥም ብሎ በቀለ። በጤነኛ ሰው ጉሮሮ የሚኖር፣ ማንንም የማይነካ ነው። ከእኔም ጉሮሮ አወጣሁት።

ውጤቱን ይዤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ምናለ ዘንድ ብሄድ፣ ወንድምሽ የፈረመውን አንቺ ልትሽሪ ነው ወይ ብሎ አባረረኝ። እምዬን ያለ እሳቸው ቀበርናት።

አባባ በሃያ አንደኛው ቀን ተፈቱ። ማኅሌት መቆም ትተዋል። ራት ሳቀርብላቸው እንኳ አፋቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ። በትንፋሼ ገደልኳት ይላሉ። አይደለም ብላቸው፣ ልጄ በዓይኑ ያየውን እንዴት ትክጂያለሽ ይሉኛል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሌላም ነገር አለ። የላቦራቶሪውን መዝገብ አገላበጥኩ። ከገና በፊት የሠራተኛው ሁሉ ጉሮሮ ለዚሁ ለማጅራት ገትር ተመርምሮ ነበር፤ የሌሎቻችን ሁሉ ውጤት አለ። የአንተ ያለበት ገጽ ብቻ ተቀዷል። በገና ዕለት እምዬን አጉርሰሃት፣ ጉንጯን ስመሃት ነበር። ለአባባ አልነገርኳቸውም። ለማንም አልነገርኩም።

አንተ ግን «ተሳስቼ ነበር» ብለህ በእጅህ ጻፍላቸው። አርባዋ የካቲት አሥራ ሦስት ነው፤ ከዚያ በፊት ይድረስ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለቴን እንጃ።

የእምዬን ነፍስ በገነት ያኑርልን፤ የአባባን ድምፅ ይመልስልን። ለአንተም ልብ ይስጥህ።

በአባትም በእናትም እህትህ