ቦታዎን አልጠበቅኩልዎትም

ውድ ጋሽ ፍም፣

በእንጨት ሻጩ በኩል የላኩት መልእክት ደርሶኛል። «ቦታዬን ጠብቂልኝ፣ ልመለስ ነው» ብለዋል አሉ። እትዬም የሬስቶራንቱ ባለቤት እሳቸው ሆነው ሳለ «ምድጃው ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ፤ ቁርጡን አንቺው ንገሪው» ብለው ተገላገሉ። ስለዚህ ቁርጡን ልንገርዎት ብዬ ቁጭ ብያለሁ።

ያን ቀን ሽርጥዎን ሚስማሩ ላይ ሰቅለው፣ ደህና ሁኚ ማለቱ ቀርቶ ዞር ብለው ሳያዩኝ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወዳለው ትልቅ ሆቴል ሲሄዱ በጣም ነው የከፋኝ። እንደ አባቴ ነበር የማይዎት። እሳቱን ግን አንድም ቀን አላስነኩኝም። ሊጥ አቡኪ፣ ትሪ አቀብይ፣ በቃ። «አንቺ እኮ ችኩል ነሽ» ይሉኝ ነበር፣ ሰው ፊት ሳይቀር።

የዚያኑ ዕለት ምሳ ሰዓት ደረሰና ረጅሙ ጠረጴዛ ሞላ። እንደሚያውቁት እኛ ቤት ሰው ለብቻው ምግብ አያዝም፤ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡት ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ ሥጋና አትክልት የተነጠፈበትን አንድ ትልቅ ዳቦ ይካፈላሉ። እኔም እንደ እርስዎ እጄን ወደ ምድጃው አፍ ከትቼ ያቺን ዜማዎን ማንጎራጎር ጀመርኩ። ዜማው ሳያልቅ ሙቀቱ እጅዎን ካስወጣዎት ምድጃው ደርሷል ማለት አይደል? እኔን ገና ከጅምሩ አስወጣኝ። ደርሷል አልኩና ዳቦውን አስገባሁ። ዕድሜ ልኩን እሳት የለመደ እጅና ሊጥ ሲያቦካ የኖረ እጅ አንድ መስለውኝ!

ዳቦው ሲወጣ ላዩ ያምራል። እንግዶቹ ዳር ዳሩን እየቆረሱ በሉና መሃሉን ተዉት። እኔ ደግሞ የሚግደረደሩ መስሎኝ «ኧረ ብሉ እንጂ! ምን ነካችሁ?» እያልኩ እዞራለሁ። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተቀመጡት ልብስ ሰፊዋ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«የኔ ልጅ፣ መሃሉ እኮ ሊጥ ነው። መልሰሽ አስገቢው፤ እንጠብቃለን።»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን አንድም ሰው አልተነሳም። ፍልጥ ጨምሬ ዳቦውን እስክመልስላቸው ድረስ የማይተዋወቁት ሰዎች ሲቀላለዱ እሰማ ነበር። ያን ጊዜ ነው ይህን ሥራ ለማንም እንደማልለቅ የወሰንኩት።

አሁን እጄን ምድጃ ውስጥ አልከትም። የምድጃው ወለል ላይ ዱቄት በተን አደርጋለሁ፤ ነጭ ሆኖ ከቆየ ገና ነው፣ ቶሎ ከጠቆረ አልፏል፣ ቀስ ብሎ ቡናማ ሲሆን ዳቦዬን አስገባለሁ። ልብስ ሰፊዋ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ። እትዬ ሁለተኛ ጠረጴዛ አሠርተዋል፤ እሱም ይሞላል።

ጋሼ፣ ናፍቀውኛል። ሆቴሉ እንዳልተመቸዎት ስሰማም አልተደሰትኩም፤ እውነቴን ነው። ቦታዎን ግን አልጠበቅኩልዎትም። እልህ እንዳይመስልዎት። ስለምችለውና ስለምወደው ነው።

ሊጥ የሚያቦካ ሰው ግን የለንም። እኔ ሁለቱንም ልይዝ አልችልም፤ ከእርስዎ የተሻለም አላውቅም። ሥራውን ከፈለጉት የእርስዎ ነው። ሰኞ ጠዋት ይምጡ፤ እሳቱን አያይዤ እጠብቅዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የምድጃው ኃላፊ