ካርዱ የቆረጠው

ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሐዳሳ፣

የጌታ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ስለሚያማት አሞራ ገደል ሄጄ ዓሣ የምገዛው እኔ ሆኛለሁ፤ ሁልጊዜ ያታልሉሃል ትለኛለች። ደብዳቤውን የምትሰጥሽ ጎረቤታችን ኢክራም ናት፤ ለሱቋ ልብስ ልታመጣ ኢስታንቡል ትመጣለች። ስልኬን ማንሳት ካቆምሽ አምስት ወር ስለሆነ በወረቀት ልሞክር ብዬ ነው።

ነሐሴ ላይ ያልኩሽን አልረሳሁትም። መቶ ዶላር ልኬልሽ የተጠቀምሽው ስልሳ አምስቱን ብቻ እንደሆነ ስትነግሪኝ፣ ቀሪው የት ገባ አልኩሽ። «ካርዱ እየቆረጠብኝ ነው አባዬ» አልሽ። እኔ ደግሞ «ሠላሳ ዓመት የሰው ሒሳብ መርምሬአለሁ፤ እንዲህ የሚሉትን አውቃቸዋለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁብሽ።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ፣ «የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት ሁሉ አንብበሃል፤ የልጅህን ግን አንዴም አላየህም» አለችኝ። ብሩን ወደ ዲጂታል ዶላር ለውጦ ካርድሽ ላይ የሚሞላልን የአክስትሽ ልጅ ሔኖክ ነውና፣ ጠርቼው ዝርዝሩን በሙሉ አሳየኝ አልኩት።

መነጽሬን አድርጌ እያንዳንዱን መስመር አየሁ። ሲሞላ ሦስት ዶላር ይቆረጣል። ወደ ሊራ ሲለወጥም ሦስት ያህል። ካርዱ ቢሠራም ባይሠራም በየወሩ ሁለት ይወስዳል። ከማሽን ስታወጪ ደግሞ ያወጣሽው ትንሽም ይሁን ብዙ፣ በየጊዜው ሦስት። በዚያ ወር ዘጠኝ ጊዜ አውጥተሻል።

ሔኖክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ በአንድ ጊዜ ብታወጣው ኖሮ ሃያ አራቱ ዶላር ይተርፋት ነበር» አለኝ።

ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ አውጪ፣ በአንዴ ከያዝሽው ያልቅብሻል ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ የታዘዝሽውን አደረግሽ።

ከዚያ በዝርዝሩ ወደ ታች ወረድኩ። ከነሐሴ ወዲህ የላክሁት በሙሉ እዚያው ነው፤ ካርዱ ከሚቆርጠው በቀር የነካው የለም። እኔ እኮ ገንዘቡን እየተጠቀምሽ በእኔ ግን እንደተቆጣሽ ነበር የማስበው። ያን ቀን እራት አልበላሁም። አምስት ወር በምን እንደኖርሽ ለእናትሽ ልነግራት አልቻልኩም፤ እኔም አላውቅም።

ልጄ፣ የተናገርኩት ስህተት ነው። ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳን አፍሬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ካርዱ ላይ ያለው ያንቺ ነው፤ በአንድ ጊዜ አውጪው። ባትፈልጊውም አልቆጣም። ለእናትሽ ግን ደውይላት፤ ስታወሩ እኔ ከቤት እወጣላችኋለሁ።

ኢክራምን አንድ ነገር ብቻ ለምኛታለሁ፦ ፊትሽን በደንብ አይታ፣ ከስተሽ እንደሆነ ሳትደብቅ እንድትነግረኝ።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ፤ የሚያምንሽ ሰው አያሳጣሽ።

አባትሽ
ሽፈራው