የፊደል ቆጣሪዋ የሕይወት ታሪክ

በቤተሰብ አጠራር «ፊደል ቆጣሪዋ» ከማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 4 ቀን 1969 ዓ.ም. በሰባት ወራቸው ተወለዱ። እናታቸው አያድጉም ብለው ሰግተው ነበር፤ አደጉ። ትምህርት ቤት ሳይገቡ አባታቸው ለእርማት ከሚያመጡት ወረቀት ላይ የተሳሳተ ፊደል ይለቅሙ ስለነበር ቅጽል ስማቸው ከዚያ መጣ። እናታቸው ዐይናቸው ይጠፋል ብለው ወረቀቱን ቢደብቁም ልጅየዋ እየፈለጉ ያገኙት ነበር።

በ1991 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመረቁ፤ በ1999 ዓ.ም. ሦስተኛ ዲግሪያቸውን አግኝተው እስከ መጨረሻው በአንድ ቤተ ሙከራ ሠሩ። በ2001 ዓ.ም. የቤተ ሙከራውን ማቀዝቀዣ ሊጠግኑ ከመጡት ባለሙያ ጋር ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል።

ሥራቸው በአንድ የልብ ጂን (ዘረ መል) ላይ ሊደርስ የሚችለውን ስሕተት ሁሉ አስቀድሞ ሠርቶ ማየት ነበር። ጂኑ የሚያሠራው ፕሮቲን እንደ ጨሌ የተሰካኩ፣ ከሃያ ዓይነት የሚመረጡ 342 ፍሬዎች አሉት። እያንዳንዱን በተራ በሌሎቹ ዐሥራ ዘጠኝ ዓይነቶች እየተኩ የትኛው እንደሚጎዳ፣ የትኛው እንደማይጎዳ በሕዋስ ላይ ይፈትኑ ነበር፤ በድምሩ 6,498 ለውጦች። ለቤተሰቡ ሲያስረዱ፣ «ሰላም» በእሳቱ ሰ ቢጻፍ በንጉሡ ሠ ያው ሰላም ነው፤ መጨረሻው «ም» በ«ይ» ቢተካ ግን «ሰላይ» ይሆናል ይሉ ነበር። ታናሽ እህታቸው «እትዬ፣ ሰው ስሕተቱን ሲደብቅ አንቺ ትፈበርኪያለሽ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ባልደረቦቻቸው ከለውጦቹ ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ተሠርተው ሲፈተኑ ይበቃል አሉ። እሳቸው ግን በጎደለው ውስጥ የማን ለውጥ እንዳለ አይታወቅም ብለው ቀጠሉ። አባታቸው በልብ ሕመም ካረፉ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. እህታቸው ሲመረመሩ በዚያው ጂን ላይ ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ ተገኘ። እናታቸው አለቀላት ብለው ጥቁር ልብስ መስፋት ጀመሩ። ለውጡ ከጎደሉት አንዱ ነበር። ፊደል ቆጣሪዋ አምስት ወር ለፍተው ሠሩት፤ ሦስት ጊዜ ፈተኑት፤ ሌላ ቤተ ሙከራም አረጋገጠው፦ አይጎዳም። ጥቁሩ ልብስ ሳይለበስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ።

ፊደል ቆጣሪዋ በቆሽት ካንሰር ሰባት ወር ታመው፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በ47 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸው ለታናሺቱ ሲሰጉ ሞት በታላቂቱ በኩል መጣ። እናት ዛሬ የለበሱት ያንኑ ጥቁር ልብስ ነው። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ እናታቸውና በሕይወት ያቆዩዋቸው ያህል የሚያመሰግኗቸው እህታቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ በእሳቱም ሰ ቢሆን፣ በንጉሡም ሠ።